ቢላ የማይወድ ቁስል፦ ስለ ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ቁስል ማጠብ፣ ማሸግና መከታተል ነው። ሰሞኑን አንድ ሰው ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ስለሚባለው ብርቅ የቆዳ ቁስል በሽታ ጠይቆኝ ትንሽ ነገር ብናገር ጥያቄው ጎረፈ። የተሰበሰቡትን እነሆ እመልሳለሁ። መድኃኒት የሚያዝላችሁ ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማውቀውንና አልጋ ዳር ቆሜ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ጋንግሪን ማለት ነው እንዴ? እግሬ ይቆረጥ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! ያሳሳተሽ ስሙ ነው፤ ጥፋቱም የስም አውጪዎቹ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ብረንስቲንግ፣ ጎከርማንና ኦሊሪ የሚባሉ ሐኪሞች አምስት ሕመምተኞች አይተው ስለ በሽታው ጻፉ። ከጀርም የመጣ መሰላቸው፣ ስሙንም በዚያው ልክ አወጡለት። «ፓዮደርማ» መግል ያለው የቆዳ በሽታ ማለት ነው። «ጋንግሪኖሰም» ደግሞ እንደ ጋንግሪን ሥጋ የሚሞትበት ለማለት ነው። በኋላ ሲጣራ ሁለቱም ስህተት ሆኖ ተገኘ። በሽታው ከጀርም አይመጣም፣ ጋንግሪንም አይደለም። ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። የሚገርመው፣ ከአምስቱ አብዛኞቹ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነበረባቸው። ዋናው ፍንጭ ያኔም ዓይናቸው ሥር ነበር።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል? ልጆቼን ማቀፍ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ አይተላለፍም። እቀፊያቸው። ቁስሉን እንዳይመቱብሽ ብቻ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቅልጥሙ ላይ የወባ ትንኝ ንክሻ የመሰለ ነገር ወጣበት። በሳምንቱ የእጅ መዳፍ አከለ። እንዲህ ይፈጥናል?

መልስ፦ ይፈጥናል። ደጋግሜ የሰማሁት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ብጉር ወይም ትንሽ ቀይ እብጠት ይወጣል። ሰውየው ነፍሳት ነክሶኝ ነው ብሎ ይተወዋል። በቀናት ውስጥ መሃሉ ይፈርጥና ጉድጓድ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ፣ በተለይ ቅልጥም ላይ ነው የሚወጣው፤ ግን የትም ሊወጣ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት፣ የተመታ ቆዳ የመሰለ ቀለም አለው። ቀስ ብዬ ጫፉ ክብ የሆነ መለኪያ ዘንግ ሳስገባ ከጠርዙ ሥር ሰርጎ ይገባል። ማለትም ከላይ ደህና የሚመስለው ቆዳ ከሥሩ ተበልቷል። ሦስተኛው ምልክት ሕመሙ ነው። ቁስሉ ትንሽ፣ ጩኸቱ ትልቅ። የአልጋ ልብስ ሲነካው እንኳ የሚዘል ሰው አይቻለሁ። «ይህቺን ለምታህል ቁስል ምን ያስጮኸዋል?» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ ሕመሙ ራሱ መረጃ መሆኑን ንገሩት።

ጥያቄ፦ ከጀርም ካልመጣ ከምን ይመጣል? ንጽሕና ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። ደማችን ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ጀርም ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። በዚህ በሽታ ግን ጠላት ሳይኖር ተጠርተው ቆዳውን ይወሩታል። መግል የሚመስለውም የእነሱ ክምችት ነው። ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ሙሉ መልሱ ገና አልተገኘም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባትና የዘር ተጋላጭነት ግን ድርሻ አላቸው። ፓፓ የሚባል በዘር የሚወረስ በጣም ብርቅ ሕመም አለ። በእሱ ውስጥ አንድ ጂን ብቻ ተበላሽቶ መገጣጠሚያም ይቆጣል፣ ይኸው ቁስልም ይወጣል፣ ከባድ ብጉርም ይመጣል።

ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሌላ በሽታ አብሮ አለባቸው። ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባሉ የአንጀት በሽታዎች (ሁለተኛው ያ ከላይ ያልኩት የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው)፣ የመገጣጠሚያ ብግነት (መቆጣት)፣ አንዳንዴም የደም ወይም የመቅኔ በሽታ። ስለዚህ ሐኪሙ የእግርሽን ቁስል እያየ «ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል?» ቢልሽ አትገረሚ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ቁስሉን በኦፕራሲዮን አጸዱላት። በማግስቱ እጥፍ ሆነ። ያላግባብ ተቆርጣ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ደነገጠ፣ ምክንያቱም እኔም እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ስሠራ የሆድ ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት ነበረች። በአራተኛው ቀን ስፌቱ ቀላና ተከፈተ። ትኩሳትም ነበራት። ኢንፌክሽን ነው ተባለና አንቲባዮቲክ ተጀመረ። የሞተ ሥጋ አለ ተብሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፣ ተጸዳ። ቁስሉ ሰፋ። እንደገና ገባች፣ እንደገና ሰፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትገባ ስትል ጠዋት የክንዷን ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ልቀይር ሄድኩ። የቀድሞው መርፌ የገባበት ቦታ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል መግል ቋጥራለች፣ ዙሪያዋ ወይን ጠጅ። ደም የተቀዳበት ሌላኛው ክንዷ ላይም እንዲሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን ልክ እንዳልሆነ ገባኝና ተናገርኩ። የቆዳ ሐኪም ተጠራ። ክንዷን አየ፣ የሆዷን ቁስል ጠርዝ አየ፣ የናሙናውን ውጤት ጠየቀ። ጀርም አልበቀለም። «ከእንግዲህ ቢላ እንዳይነካት» አለ። በዚያው ቀን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ ተጀመረላት። በሁለት ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ዛሬም የሚቆጨኝ ሁለቱ ኦፕራሲዮኖች ናቸው።

ይህ ነገር ፓተርጂ ይባላል። ቆዳው በመርፌም፣ በቢላም፣ በግጭትም ሲጎዳ በሽታው እዚያው ይነሳል። ከአራት ሕመምተኞች በአንዱ ወይም ከዚያ በለጥ ባለ ቁጥር ይታያል። ሌላውን የሞተ ሥጋ ያለበት ቁስል ማጽዳት ደንብ ነው። ይህን ግን በሽታው እየነደደ እያለ መቁረጥ እሳት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው።

ይህን ስል ግን ጥንቃቄ! ሥጋን በፍጥነት የሚበላ እውነተኛ የጀርም በሽታም አለ፤ ለእሱ ደግሞ ፈጥኖ መቁረጥ ነው ሕይወት የሚያድነው። ስለዚህ የእህትሽን ሐኪሞች ለመውቀስ አልቸኩልም። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን በጣም ይመሳሰላሉ። መጠየቅ ያለበት በጸዳ ቁጥር ከባሰ፣ አንቲባዮቲክ ካልሠራና ናሙናው ላይ ጀርም ካልበቀለ ነው። ያኔ «ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ይሆን እንዴ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ ይታወቃል?

መልስ፦ «አለ» ወይም «የለም» የሚል የደም ምርመራ የለውም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከቁስሉ ጠርዝ ጠለቅ ያለ የቆዳ ናሙና ይወሰዳል። ይህ ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ) ራሱ መቆረጥ ነው፣ ቁስሉን ሊያስቆጣው ይችላል። ግን ካለ ናሙና መሄድ የበለጠ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ካንሰርም፣ የደም ሥር ብግነትም፣ የቆዳ ቲቢም፣ ፈንገስም፣ ሊሽማንያም (ቁንጭር) ይህን ሊመስሉ ይችላሉ። ከናሙናው ግማሹ ለማይክሮስኮፕ፣ ግማሹ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ለካልቸር ይላካል። የእግር ደም ሥሮች ዝውውርም ይታያል። ከደም ደግሞ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የፕሮቲን ምርመራና የደም ሥር ብግነት ጠቋሚዎች ይታዘዛሉ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ መመዘኛ አለ። ዋናው ነጥብ ናሙናው ላይ የኒውትሮፊል ክምችት መታየቱ ነው። በዚህ ላይ ከስምንት ተጨማሪ ምልክቶች ቢያንስ አራቱ መሟላት አለባቸው። ኢንፌክሽን አለመኖሩ፣ የአንጀት ወይም የመገጣጠሚያ በሽታ መኖሩ፣ ፓተርጂ፣ የጠርዙ ሁኔታ፣ ለመድኃኒት የሰጠው ምላሽ የመሳሰሉት ናቸው። በእኔ እይታ ግን ከመመዘኛው በፊት የሚያስፈልገው ስሙን የሚያስታውስ ሰው ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆኑትን ብቻ የሚይዝ በሽታ በቶሎ ትዝ አይልም።

ጥያቄ፦ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ። ስቴሮይድ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው! የሰማኸው ለሌላ ቁስል እውነት ነው። እዚህ ግን ቁስሉን የቆፈረው ራሱ ብግነቱ ስለሆነ፣ ካልበረደ የሚድን ነገር የለም። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ቅባት ወይም ታክሮሊመስ የሚባል ሌላ ቅባት ሊበቃ ይችላል። ሰፊ ወይም ፈጣን ከሆነ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው) ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያረግብ ሳይክሎስፖሪን ይታዘዛል።

«የቱ ይሻላል?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እንግሊዝ ውስጥ 121 ሕመምተኞች ላይ ፕሬድኒሶሎንና ሳይክሎስፖሪን ተወዳድረው ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ የዳነላቸው በሁለቱም ወገን 47 ከመቶ ናቸው። እኩል! ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ሌላ በምን እንደታመምክ ነው። ስኳር ካለብህ ፕሬድኒሶሎን ያስቸግርሃል። ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብህ ሳይክሎስፖሪን ያስቸግርሃል። ከቁጥሩ ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ በስድስት ወርም ከግማሽ በላዩ ገና አልዳነም። በሦስት ሳምንት አልዘጋም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

እነዚህ ካልሠሩ ወይም የአንጀት በሽታ አብሮ ካለ እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ኢንፍሊክሲማብ በ30 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በሁለተኛው ሳምንት 46 ከመቶው ለውጥ አሳይተዋል፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው ግን 6 ከመቶው ብቻ። ከመጀመራችሁ በፊት የተደበቀ ቲቢና የጉበት ቫይረስ መመርመር ግዴታ ነው።

ደግሞ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፣ በሐኪም ቁጥጥር።

ጥያቄ፦ እቤት ፋሻ ስቀይር እናቴ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማስታገሻውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ስጪያት። ፋሻውን በደረቁ አትንቀይው። ለብ ያለ ሳላይን (የቁስል ማጠቢያ ጨዋማ ውሃ) አፍስሺበትና ጠብቂ። አምስት ደቂቃ፣ ካልላቀቀ አሥር። ራሱ ሲንሳፈፍ አንሺው። የማይጣበቅ የቁስል ሽፋን ይሻላል፣ ደረቅ ጎዝ በቀጥታ አታስቀምጪ። ፕላስተር ቆዳዋ ላይ አትለጥፊ፤ ሲነቀል ያቆስላል፣ ምን ሊከተል እንደሚችል ከላይ ብያለሁ። ጥቁሩን ቅርፊት በጥፍርም በመቀስም አትንኪው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ይቅር፣ ያቃጥላታል እንጂ አይጠቅማትም።

ጥያቄ፦ ቁስሌ ከዳነ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ጉልበቴ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል ተባልኩ። እንቢ ልበል?

መልስ፦ እንቢ አትበል፤ ግን ከቀጠሮው በፊት ለቀዶ ሐኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ንገር። በሽታው ከተኛ ብዙ ሰው በሰላም ይወጣል። አንዳንዴ ለመከላከያ ስቴሮይድ ይሰጣል። ካርድህ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ስፌቱ ወይን ጠጅ ከሆነና ከልክ በላይ ካመመህ እስከ ቀጠሮህ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ እየዳነ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ለእኔ ስፋቱ ያው ነው።

መልስ፦ ስፋቱ ቶሎ አይቀንስም። መጀመሪያ የሚቀንሰው ሕመሙ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ከወሰደሽ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የጠርዙ ወይን ጠጅ ቀለም ይደበዝዛል፣ የተንጠለጠለው ጠርዝ ከሥሩ ይጣበቃል። ከዚያ እኔ በጣም የምወደው ነገር ይመጣል። ከጠርዙ ወደ መሃል ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ይዘረጋሉ፣ ከዳር እስከ ዳር እንደተወጠረ ክር። አዲስ ቆዳ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ክሮቹን ከዓይንሽ በፊት ፎቶው ያሳይሻል።

ጠባሳው ይጠፋል ወይ ላላችሁኝም፦ አይጠፋም። ወንፊት የመሰለ፣ ስስና ጠቆር ያለ ሆኖ ይቀራል። በቀላሉ ስለሚላጥ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጠብቁት።