በሌላ ፕላስቲክ ላይ የሚረጋ ፕላስቲክ ለምን ያጋድላል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የፖሊፕሮፒሊን ጆንያ ተሸምኖ በፖሊኤቲሊን በሚሸፈንበት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ማታም እማራለሁ። በመማሪያ መጽሐፋችን ላይ፣ ፖሊኤቲሊን በተወጠረ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ቀልጦ ከረጋ በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ጽሑፉ የሁለቱ ፕላስቲኮች ሰንሰለቶች (ረጃጅም ሞለኪውሎቻቸው) እርስ በርስ የሚሠሩት ማዕዘን 50 ዲግሪ ነው ይላል፤ በፕሮትራክተር ስለካው ግን በፎቶግራፉ ላይ ያሉት መስመሮች ከውጥረቱ አቅጣጫ ያዘነበሉት 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የተሳሳተው የቱ ነው? ለምንስ በውጥረቱ አቅጣጫ አልተኙም? ይህ ነገር የጆንያችን ሽፋን እንዳይላጥ ይረዳ ይሆን?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መጽሐፉም ሆነ የእርስዎ ልኬት አልተሳሳቱም፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። የፖሊኤቲሊን ሰንሰለት ክሪስታል ሲሠራ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ አይዘረጋም፤ አንድሩ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳመለከተው፣ በራሱ ላይ ደጋግሞ እየታጠፈ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ያህል የሆነ፣ ላሜላ የሚባል ስስ ንጣፍ ይሠራል። ሰንሰለቶቹ የንጣፉን ውፍረት ስለሚያቋርጡ ከንጣፉ ርዝመት ጋር 90 ዲግሪ ይሠራሉ። በፎቶግራፉ ላይ መስመር መስለው የታዩዎት በጠርዛቸው የቆሙ ንጣፎች ናቸው፤ ሰንሰለቶቹ ራሳቸው በዚያ ፎቶግራፍ አይለዩም። እንግዲህ ንጣፉ 40 ዲግሪ ካዘነበለ፣ ሰንሰለቱ በተቃራኒው ወገን 50 ዲግሪ አዘንብሏል ማለት ነው።

ወደ ማጋደሉ ስንመጣ፣ አቅጣጫውን በቀጥታ የሚወስነው ውጥረቱ ሳይሆን የፖሊፕሮፒሊኑ ገጽ ነው። የፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ተጠምዝዞ የሚሄድ ሲሆን፣ ከጎኑ የሚወጡት የሜቲል ቡድኖች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላቸው ትናንሽ ቅርንጫፎች) በክሪስታሉ አንደኛው ገጽ ላይ ረድፍ ሠርተው ይታያሉ። ረድፎቹ ግን ከሰንሰለቱ ጋር ትይዩ አይደሉም፤ 50 ዲግሪ ያህል ያጋድላሉ፤ በአንዱና በሌላው ረድፍ መካከልም 0.505 ናኖሜትር ርቀት አለ። በፖሊኤቲሊን ክሪስታል ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉት ሰንሰለቶች 0.494 ናኖሜትር ይራራቃሉ። ልዩነቱ ከመቶ 2 ገደማ ስለሆነ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጣለ ሸንበቆ ሸንተረሩን ይዞ እንደሚተኛ ሁሉ፣ የፖሊኤቲሊኑ ሰንሰለቶችም በረድፎቹ መካከል ገብተው ይተኛሉ። ኤፒታክሲ የሚባለው ይህ ነው፤ እንደነዚህ ባሉ ባለረጅም ሰንሰለት ቁሶች (ፖሊመሮች) ላይ በሰፊው ካጠኑት መካከል የስትራስቡርጎቹ በርናር ሎትዝና ዣን-ክሎድ ዊትማን ይገኛሉ። ከክሪስታሎቹ ገጾች ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ያጋደለ ረድፍ ስላላቸው፣ ንጣፎቹ ሁለት ወገን ሆነው ይቋረጣሉ። የውጥረቱ ድርሻ የፖሊፕሮፒሊኑን ሰንሰለቶች ባንድ አቅጣጫ ማሰለፍ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ለስላሳ በሆነው በቴፍሎን ላይ ፖሊኤቲሊን ቢረጋ ግን ሳያጋድል ከቴፍሎኑ ሰንሰለት ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ ገጹ ወሳኝ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ጆንያው ግን ብዙ ተስፋ ባልሰጥዎ እመርጣለሁ። ያጋደሉት ንጣፎች በርካታ የፖሊፕሮፒሊን ክሪስታሎችን ተሻግረው ስለሚያርፉ ማያያዛቸው እውነት ነው፤ ይሁንና ይህ ሥርዓት የሚጸናው በመገናኛው አጠገብ ባለው እጅግ ስስ ክፍል ነው። በፋብሪካ ደግሞ ሽፋኑ ወፍራም ነው፤ በቀዝቃዛ ሮለር ላይ ሲያልፍም በቅጽበት ስለሚረጋ ክሪስታሎቹ ገጹን ተከትለው ለማደግ ፋታ አያገኙም። ሽፋኑ ከተላጠ አስቀድመው የቀለጠውን ፕላስቲክ ሙቀትና የሮለሩን ግፊት ይመርምሩ፤ በጨርቁ ላይ አቧራ፣ ወይም ከፕላስቲኩ ውስጥ ወደ ገጹ የሚወጣ የማለስለሻ ተጨማሪ መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ።

ክስተቱን በቤተ ሙከራ ማየት ከፈለጉ፣ በተወጠረ የፖሊፕሮፒሊን ጥብጣብ ላይ በጣም ስስ ፖሊኤቲሊን አድርገው እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁትና በዝግታ ያቀዝቅዙት። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው በ165 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በዚያ ሙቀት ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። ጥብጣቡን ግን በሁለቱም ጫፍ አጥብቀው ይሰሩት፤ አለዚያ ሲሞቅ ተኮማትሮ የሰንሰለቶቹ ሰልፍ ይዛባል፣ ማዕዘኑንም ከየትኛው መስመር ተነሥተው እንደሚለኩ ይቸግርዎታል።