ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ታንኳው የማን እንደሆነ ጠይቁ

«የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ የቪዲዮ ጌም መሥራት ጀምሯል፤ ገንዘብ ልላክለት?» የሚል ጥያቄ ውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይደርሰኛል። ላኩለት። ግን የውሉ ወረቀት ይቅደም።

ስቶክሆልም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በጌም ስቱዲዮ ሠርቼ ስመለስ ወረቀት እኔንም ትዝ አላለኝም ነበር። ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ተከራይተን ከአራት ልጆች ጋር ጀመርን። ጌማችን ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ነው። ነፋስ ሲበረታ የደንገሉ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ተጫዋቹ ከማገዶው ስንቱን ወደ ሐይቁ እንደሚጥል መወሰን አለበት። ታንኳውን የሣለልን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እያንዳንዱን የደንገል እስር ለብቻ ስሎ፣ ሲርስ ቀለሙ እንዲጠቁር አድርጎታል። ስለ ውለታው ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ጋበዝነውና ተለያየን።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ሊገዛን መጣ። ጠበቃቸው ወንበርም ኮምፒውተርም አልቆጠሩም። ኮዱን ማን ጻፈው? ሥዕሉ የማን ነው? ሙዚቃው የማን ድርሰት ነው? መብታቸውን ለድርጅቱ ያስተላለፉበት ፊርማስ? ሠዓሊው አገር ለቆ ሄዷል። በስንት ፍለጋ ስናገኘው የጠራው ዋጋ አስደነገጠን፤ አልፈርድበትም፣ ሥራው የእጁ ነው። አራት ወር ስንከራከር ገዢው ሰለቸውና ተወን።

ነገሩ የትልልቆቹም ነው። ማይክሮሶፍት ቡንጂ የተባለውን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2000 ገዛው። በ2007 ስቱዲዮው ራሱን ችሎ ሲወጣ ስሙን ያስጠራው ሄይሎ የተባለው ጌም ግን ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀረ። ትምህርት የሆናቸው ይመስለኛል፤ በ2019 ጌማቸውን ያሳትምላቸው ከነበረው ከአክቲቪዥን ኩባንያ ሲለያዩ ዴስቲኒ የተባለውን ጌም ይዘው ወጡ፣ በ2022 ደግሞ ሶኒ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ገዛቸው።

«የእህቴን ልጅ እንዴት ውል አስፈርመዋለሁ? ነውር አይሆንም?» ትሉኛላችሁ። ነውሩ የሚመጣው ገዢ ሲመጣ ነው፤ ያኔ እናንተ ድርሻ ነበር ስትሉ እሱ ስጦታ መስሎኝ ይላል፣ እናቱም መሃል ገብታ ታለቅሳለች። ስጦታ ከሆነ ስጦታ በሉትና እርሱት። ድርሻ ከሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይቋቋምና መጠኑ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይስፈር። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ከፈለጋችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያችሁን አስቀድማችሁ አውጡ። ውክልና ስትልኩም ጠቅላላ ውክልና አትስጡ፤ ለተወሰነው ጉዳይ ብቻ ልዩ ውክልና ይበቃል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚፈለግባችሁ ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሥራቸው በሙሉ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የነበረ ልጆች ለደንበኛ የሚያሳዩት አጥተው ነበር። የኮዱ ቅጂ እናንተ ባላችሁበት አገር ይቀመጥ። በየወሩ መከፈቱንም ሞክሩት፤ የማይከፈት ቅጂ አስቀምጦ የተዘናጋ ሰው አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ።