የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቡድን አኒሜሽን ሲያልቅ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ አምስት ሆነን የ3 ደቂቃ አኒሜሽን ሠራን። ታሪኩ ሰኞ ገበያ ስትሄድ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም መንገዱን ስላሳታት ልጅ ነው። ፊልሙ አልቋል። መምህራችን ግን እያንዳንዳችን ሥራውን መለስ ብለን የምንገመግምበት ጽሑፍ እንድናስገባ አዘዋል። የሁላችንም ጽሑፍ «ተባብሮ መሥራትን ተምረናል» ከማለት አላለፈም። ምን እንጻፍ?

መልስ፦ ያ ዓረፍተ ነገር ለእግር ኳስ ቡድንም ለዕቁብም ይሆናል፤ ለመምህራችሁ የሚነግራቸው ነገር የለም። ከሾት ዝርዝሩ ተነሱ፤ ሾት ማለት ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ የፊልም ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ሾት መቼ ሊያልቅ ታስቦ መቼ እንዳለቀ፣ በማን በማን እጅ እንዳለፈ፣ ስንት ጊዜ ለእርማት እንደተመለሰ በሠንጠረዥ አስቀምጡ። የተመለሱትን ነጥላችሁ ምክንያቱን ስትፈልጉ ብዙውን ጊዜ ችግሩ መሣሉ ላይ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ርክክቡ ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግምገማችሁ ስለዚያ ይሁን።

ሒሳቡንም አሁን ሥሩት። 3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ሲባል 4,320 ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢቆይ 2,160 ሥዕል ያስፈልጋል። አንዳችሁ ድምፅና ቅንብር ከያዛችሁ ለቀሩት አራት ለየራሳቸው 540 ይደርሳቸዋል። ንድፉም ቀለሙም ተደምሮ አንዱ ሥዕል 15 ደቂቃ ቢፈጅ 135 ሰዓት ነው፤ በቀን 3 ሰዓት ለሚሠራ 45 ቀን። ይህን ስትጀምሩ ካላሰላችሁት የግምገማው የመጀመሪያ አንቀጽ እሱ ነው። ካሰላችሁት ደግሞ የት የት እንደቆጠባችሁ ጻፉ፦ የልጅቷን አረማመድ በ12 ሥዕል ሠርቶ እየደጋገሙ ማጫወት፣ ስትናገር አፏን ብቻ በራሱ ሌየር (በሥዕሉ ላይ በሚነባበር ንጣፍ) መቀየር፣ ጉሙን እንደ አንድ ሰፊ ሥዕል በዝግታ ማንሸራተት። (የደሴ ጉም መቼም ለአኒሜሽን ሠሪ ሲሳይ ነው፤ ከኋላው ያለውን ቤት ሁሉ ከመሣል ይገላግላል።)

የልጅቷ መልክ ከሾት ሾት ከተለያየ «የእጅ ልዩነት ነው» ብላችሁ አትለፉት። አንዱ በ1920 በ1080 ሸራ፣ ሌላው በ1280 በ720 ሥሎ እንደሆነ እዩ። ትንሹ ሸራ ከትልቁ እኩል ሲለጠጥ 6 ፒክስል የነበረው መስመር 9 ይሆናል፤ ልጅቷም በድንገት የወፈረች ትመስላለች። ቀለም በዓይን ግምት ሲወሰድ ደግሞ የነጠላዋ ጥለት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን የሚያስቀረው አንድ የገጸ ባህርይ ገጽ ነው፦ ልጅቷ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፣ ቁመቷ የጭንቅላቷ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ የብሩሹ ልክ፣ የእያንዳንዱ ቀለም ኮድ። ገጹ ነበራችሁ? መሃል ላይ ከተለወጠስ አዲሱ ለሁሉም ደርሶ ነበር? አሮጌው ገጽ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከቀረ ገጽ ከሌለው ቡድን አትሻሉም።

እያንዳንዳችሁ ስትጽፉ «እኛ»ን ቀንሱ። «ሾት 12 ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ አኒማቲኩ ላይ ልጅቷ ከግራ ስትገባ እኔ ከቀኝ አስገብቻት ነበር» የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ ምስጋና ይበልጣል (አኒማቲክ ማለት በንድፍ ብቻ የተሠራ የፊልሙ ረቂቅ ቪዲዮ ነው)። ሥራ ስላልሠራው ጓደኛ መክሰስ አያስፈልግም፤ ሠንጠረዡን አያይዙት።

ጥያቄ፦ ግማሾቻችን ደሴ፣ ግማሾቻችን ኮምቦልቻ ነን። በቴሌግራም የምንላላከው ሥዕል ጀርባው ይሞላብናል፤ የብሌንደር (የአኒሜሽን ሶፍትዌር) ፋይል ስንከፍት ምስሎቹ ሮዝ ይሆናሉ፤ ሬንደር እያደረግን (ሥራውን ወደ መጨረሻው ቪዲዮ እያወጣን) መብራት ሲጠፋ ቪዲዮው አይከፈትም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፒኤንጂ ሥዕል በፎቶ መልክ ሲላክ ቴሌግራም ጨምቆ ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል፤ ጄፔግ ደግሞ ባዶ ጀርባ አይዝም። «ፋይል» በሚለው ላኩት።

ሮዝ የሚሆነው ብሌንደር ምስሉን ባለበት ቦታ ሲያጣው ነው። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ምስሎቹን ውስጡ አሽጉ፤ ካልሆነ ሙሉውን ፎልደር አንድ ላይ ላኩ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ፍላሽ የሚያመጣ ሰው ካለ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጉት፤ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይገባም።

ሬንደሩን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ። ኤምፒ4 በትክክል ሳይዘጋ መብራት ከሄደ ብዙ ጊዜ ሙሉው አይከፈትም። ፍሬም በፍሬም ፒኤንጂ አድርጋችሁ አውጡ። ፍሬም 900 ላይ ቢቋረጥ ያለቁት አሉ፤ የመጨረሻው በከፊል ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል እሱን ሰርዙና ነባሩን ደርቦ የሚጽፈውን ምርጫ አጥፍታችሁ እንደገና አስጀምሩ፤ ካለበት ይቀጥላል። ምስሎቹን ወደ ማቀናበሪያ ስታስገቡ ፍጥነቱ 24 መሆኑን አረጋግጡ። ሶፍትዌሩ 30 ብሎ ከተቀበለው የ3 ደቂቃው ፊልም በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁም ከአፍ ጋር አይገጥምም።

አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይደመስስ ደግሞ የፋይሉ ስም ላይ የሾት ቁጥር፣ የእትም ቁጥርና የሠሪው ስም ይኑር። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ በእውነት» የሚባል ፋይል አይፈጠር፤ ያ ስም ሁልጊዜ ይዋሻል። አንድ ሾት በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለፊልማችን የታወቀ የአምባሰል ዘፈን ብናስገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ቅኝቱ የማንም ንብረት አይደለም፤ የተቀዳው ዘፈን ግን ባለቤት አለው። ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ሊታገድ ወይም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚቀለው ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጎ በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት አዲስ ዜማ ማስቀዳት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ቅዱ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ስልኩንም የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት።