ሐምራዊው አበባሽ አስተር ነው?

እህቴ፣ ከአሜሪካ በመጣ ዘር ሐረር ግቢሽ ውስጥ የበቀለው ሐምራዊ አበባ ምን እንደሆነ፣ ግንዱ ከደረቀ በኋላም ዳግም ይበቅል እንደሆነ ጠይቀሻል። የኒው ኢንግላንድ አስተር ሳይሆን አይቀርም። ቅጠሉን ቀረብ ብለሽ እይው። ግርጌው ግንዱን እቅፍ ያደርገዋል፤ ግንዱም ሲዳሰስ ጸጉራም ነው። ቢጫውን መሃል የከበቡትን ቀጫጭን ሐምራዊ ጨረሮች ደግሞ ቁጠሪያቸው። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ እሱው ነው።

ላዩ ደረቀ ብለሽ እንዳትነቅይው አደራ! ሥሩ መሬት ውስጥ በሕይወት አለ፤ ከዚያው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ፀሐይ ይወዳል። ጀጎል ውስጥ ከሆንሽ የግንቡ ጥላ ስለሚበዛ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበትን ጥግ ምረጪለት። አፈሩ ጭርሱን አይድረቅ። ውሃውን ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሺ፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጫፉን ቀንጥሺው፣ ቅርንጫፍ ያበዛል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ይህ አበባ የሚፈካው ቀኑ ሲያጥር ነው። እኛ ጋ ግን የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ እንደ አገሩ በመስከረምና በጥቅምት ካልፈካ አትደንግጪ። ድሬ ላለችው እህትሽ ግን ሙቀቱ ስለሚከብደው ባትልኪላት ይሻላል።