መልስ፦ ኮምቦልቻ የሚያስቀጣው ዓረብ አገርም ያስቀጣል ወይ?

ሰላም እህቴ። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ከአገር አገር በሕግ እንዴት እንደሚታይ ነው የጠየቅሽው። ከቤታችን እንጀምር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ወንድ ሆነ ሴት ሳይለይ ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ልብ በይ፣ አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ዝንባሌን አይደለም። (ፒያሳ ላይ ግን ወሬ ከሕግ ይቀድማል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ኩዌት፣ አንቀጽ 193፣ በአዋቂ ወንዶች መካከል ሲሆን እስከ 7 ዓመት። ሊባኖስ፣ አንቀጽ 534፣ እስከ 1 ዓመት። ሳዑዲ ግን የተጻፈ አንቀጽ ስለሌለ ዳኛው በሸሪዓ ይፈርዳል፣ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሰጋው እሱ ነው፤ ቅጣቱን አስቀድመሽ ማስላት አትችይም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የቴሌግራም መልእክቱንና ፎቶውን ሳይነሳ ያጽዳ፤ ስልክ ተፈትሾ ማስረጃ ይሆናል።

ደቡብ አፍሪካ ተቃራኒው ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 አድልዎን ይከለክላል፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋብቻም ተፈቅዷል፣ የስደተኞች ሕጉም ዝንባሌን ለጥገኝነት ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። የዚያ አገር የጋብቻ ወረቀት ግን ደሴ ወሳኝ ኩነት ላይ አይመዘገብም።