ስምንት ወፍ ነው ወይስ አንድ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከ11 ዓመቷ ልጄ ጋር ወንዝ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ጀርባቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ውሃውን ታክከው እንደ ቀስት የሚወነጨፉ ስምንት ዓሣ አጥማጅ ወፎች ቆጠርኩ። ልጄ ግን «አባባ፣ ስምንቱም አንድ ወፍ ናት» ብላ ድርቅ አለች። እስከ ቤት ድረስ ተከራከርን። ማን ነው የረታው?

መልስ፦ አብሬያችሁ ስላልነበርኩ ምዬ አልናገርም። ፍረድ ካሉኝ ግን የምፈርደው ለልጅዎ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።

ዓሣ አጥማጇ ወፍ የእኔ የምትለው የወንዝ ክፍል አላት፤ ሌላ ሲገባባት ታባርራለች። ሰው ሲመጣባት አብዛኛውን ጊዜ ወንዙን ይዛ ወደፊት ትበርና ራቅ ብላ ታርፋለች። እርስዎም የሚሄዱት ወደዚያው ነው። ሲደርሱባት ትነሳለች፣ ትንሽ ሄዳ ታርፋለች፣ ደግሞ ይደርሱባታል። ድንበሯ ጫፍ ላይ ስትደርስ እርስዎን ዞራ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። እርስዎ ስምንት ጊዜ ሲደሰቱ እሷ ስምንት ጊዜ ከአደኗ ተስተጓጉላለች።

እኔም ስቼ ነው የተማርኩት። አንድ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ስድስት ሳቢሳ» ብዬ ጽፌ ኮርቼ ነበር። ሰባተኛዋ ስትነሳ ከግራ ክንፏ አንድ ላባ መጉደሉን አየሁ። ሦስተኛዋም እንዲሁ እንደነበረች ያኔ ትዝ አለኝ። ስድስቱን ሰርዤ አንድ ብዬ ጻፍኩ። (ሳቢሳና ሽመላ ለሚምታታበት ሰው፦ ሳቢሳ ስትበር አንገቷን አጥፋ ትከሻዋ ላይ ትሰበስባለች፤ ሽመላ ግን ወደፊት ትዘረጋዋለች።)

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱን እንጨርስ አትበሉ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁጭ በሉ። የትኛው በኩል የሚለው ግን ወሳኝ ነው። በመታጠፊያው የውጭ በኩል ውሃው በኃይል እየመታ ዳርቻውን ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ከላይ ሣር ለብሶ ጠንካራ ይመስላል፣ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ላይ እንዳትቆሙ። በውስጥ በኩል ውሃው ስለሚዘገይ አሸዋና ደለል ይጥላል፤ ሌሊት ውሃ ሊጠጣ የወረደ ሁሉ ዱካውን የሚተወው እዚያ ላይ ነው። እዚያ ተቀምጣችሁ ማዶውን ገደል ተመልከቱ። ዓሣ አጥማጇ ጎጆዋን የምትሠራው እንዲህ ባለ ቀጥ ያለ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ነው።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። እናንተ ስትመጡ የተደበቀው ሁሉ ገና ጆሮውን አቁሞ እየጠበቀ ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ታገሱ። ብዙ ሰው በልብስ ቀለም ይጨነቃል፤ እኔ የምቆጣጠረው እጄን ነው። ድንገት የተቀሰረ ጣት ከቀይ ሹራብ ይልቅ ያስበረግጋል። ልጅዎ ማሳየት ስትፈልግ «ከደረቁ ግንድ በስተግራ» እያለች በሹክሹክታ ትንገርዎ።

ወፏ ዓሣ ይዛ ስታርፍ ደግሞ የዓሣውን ጭንቅላት እዩ። ራሷ ልትበላው ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮዋ ታዞረዋለች፣ ክንፉና ቅርፊቱ እንዳይቀረቅራት። ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ከሆነ የያዘችው ለሌላ ነው፣ ለጫጩቶቿ ወይም ለጓደኛዋ። እንዲህ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ወደ ጉድጓዱ ካልገባች መንገድ የዘጋችሁባት እናንተ ናችሁ፤ ቶሎ ተነሱላት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ወፍ ኖረም አልኖረ ልጅዎን ይዘው ወደ ከፍታ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ለወንዝ ዳር ጉዞ ብዬ 8 በ42 የሚል ባይኖኩላር ገዛሁ። ጓደኛዬ ባለ 12 አለመግዛቴ ሞኝነት ነው አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ ጎህ ሲቀድ ብርሃን የሚሰበስብልዎት እሱ ነው። ባለ 12 ወፏን ሲያጎላ የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየውም ስፋት ይጠባል። ለምትወነጨፍ ወፍ ደግሞ ስፋቱ ይበልጣል። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን መደገፊያውን ጎማ ወደ ውስጥ ይመልሱት። ወፍ ሲያዩ ደግሞ ዓይንዎን ከእሷ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት፤ ጎንበስ ብለው እሱን ሲፈልጉ ሄዳለች።