ቀልዱ ቢወጣ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍልስፍናን ላልተማረ ሰው የሚሆን መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። አንባቢ እንዳይሰለች ብዬ እያንዳንዱን ምዕራፍ በቀልድ ጀመርኩት። ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ስለ ዜኖ የሚያወራው ምዕራፍ ለምሳሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ በሚያተራምስ ዝንጉ ፕሮፌሰር ይከፈታል። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ በፕሮፌሰሩ ይስቃሉ፤ ዜኖን ያነሳ ግን የለም። አንዱማ «ፍልስፍናን አቀለልከው» አለኝ። ቀልዱን ላውጣው?
ግራ የገባው ጸሐፊ

መልስ፦ አይዞዎት፣ እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ ስለ ዕውቀት ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩና በቀልድ ከፈትኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወደ ቁም ነገሩ ስገባ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ አባት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲያልቅ መጥተው ጨበጡኝ። «ያቺን የመጀመሪያዋን እስቲ ድገምልኝ፣ ለባለቤቴ ልነግራት ነው» አሉኝ። ለካ ቀልዴና ሐሳቤ ጎረቤት እንኳን አልነበሩም።

ሁለት ዶሮዎች ላሳይዎት። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሌቶ ሰውን «ላባ የሌለው፣ ባለሁለት እግር እንስሳ» ብሎ በየነው ይባላል። ሌላው ፈላስፋ ዲዮጋን ዶሮ ነጭቶ ይዞ ከች አለ፤ «የፕሌቶ ሰው ይኸውላችሁ!» ከዚያ በኋላ ብያኔው ላይ «ጠፍጣፋ ጥፍር ያለው» የሚል ተጨመረበት። እስቲ ከዚህ ቀልዱን ያውጡት። ምንም አይቀርም፤ ዶሮው ራሱ ነው ክርክሩ።

ሁለተኛዋ የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የበርትራንድ ራስል ናት፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ የሚመግባት ሰው አንድ ቀን አንገቷን ይጠመዝዛል። ራስል ታዲያ ምን ይላል? ስለ ተፈጥሮ ወጥነት፣ ማለትም እስከ ዛሬ የሆነው ነገም ይሆናል ስለሚለው እምነት፣ ትንሽ ረቀቅ ያለ አመለካከት ቢኖራት ይጠቅማት ነበር! ልብ ይበሉ፤ ዶሮዋ ሞኝ አይደለችም። ማስረጃዋ በየቀኑ እየጨመረ ነው የሄደው። ከሁሉም ቀን ይልቅ እርግጠኛ የነበረችው በመጨረሻው ጠዋት ነው። አንባቢው ይስቃል፤ ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። «ቆይ፣ እኔስ ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ በምን አወቅኩ?» ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም የተጨነቀበት ጥያቄ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ማብራራት አይጀምሩ፤ ጥያቄውን ይዘው ይቀጥሉ።

«አቀለልከው» ላሉዎት ጓደኛ፦ ሰውን ማቅለል ነውር ነው፣ ሸክም ማቅለል ግን ውለታ ነው። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ወደ ዜኖ እንመለስ። ፕሮፌሰሩን ያሰናብቱት። በእሱ እንቆቅልሽ ውስጥ ፈጣኑ የግሪክ ጀግና አኪለስ ለኤሊ ቅድሚያ ሰጥቶ ይሮጣል። የነበረችበት ሲደርስ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። እዚያም ሲደርስ፣ አሁንም ፈቀቅ። በዚህ ስሌት መቼም አይደርስባትም! ላብ ያጠመቀው ጀግና እና የማትቸኩል ኤሊ እያሉልዎት መነጽር ፍለጋ ምን ያደርጋል? ምዕራፉን ኤሊዋ ትክፈተው።

ፕሮፌሰሩን ግን ወደ እኔ ይላኩልኝ። የእኚያ አባት ባለቤት ሌላ ቀልድ ሳይጠብቁ አይቀሩም።